እጅ ከማውጣት እስከ መድረክ፦ በክፍልም በስብሰባም ለመናገር የሚረዳ መመሪያ

ብዙዎቻችን ያደግነው «ልጅ በታላቅ ፊት አይናገርም» እየተባልን ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት ስንገባ መምህሩ «ነገ ፕረዘንቴሽን አለ» ይላል። ስናድግ ደግሞ ወረዳው ስብሰባ ይጠራል። ሰብሳቢው «ሐሳብ ያለው?» ሲል አዳራሹ ጸጥ ይላል። ስብሰባው አልቆ በር ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም የሚናገረው አለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጥሩው ሐሳብ በር ላይ ይነገራል፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ግን አይሰፍርም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ ሐሳብ አዳራሹ ውስጥ እንዲነገር ነው። ለተማሪም፣ ለወላጅም፣ ለእድር አባልም ይሆናል። ድምፅ ማሳመርና እጅ ማወናጨፍ ላይ ብዙ አልቆይም። ዋናው ነገር የምትጠይቁትን ማወቅ ነው። ሌላው በልምምድ ይመጣል።

መጀመሪያ፦ ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ወረቀት አውጡና ይህን መልሱ፦ «ተናግሬ ስጨርስ ማን፣ ምን፣ መቼ እንዲያደርግ ነው የምፈልገው?» መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፍ ካለ፣ ነገሩ ለራሳችሁም ገና አልጠራም ማለት ነው።

«የቦዩ ችግር ይታይልን» የሚለውን ውሰዱ። ማን ይየው? መቼ? ካየው በኋላስ? አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ፦ «ክረምት ሳይገባ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያለው ቦይ ይጠረግ። የሚጠርገው ክፍልና ቀኑ ዛሬ ይነገረን።» ለዚህኛው ሰብሳቢው «እሺ» ወይም «አይሆንም» ማለት ይችላል። ለመጀመሪያው ግን «እንይዘዋለን» ይላል፤ በዚያው ተይዞ ይቀራል።

በየካቲት 1957 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ሲወጡ የያዙት ጥያቄ ሁለት ቃል ነበር፦ «መሬት ለአራሹ»። ምን ይሰጥ? መሬት። ለማን? ለሚያርሰው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ሚኒስትርም እኩል ይገባዋል። ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። አዋጁ ምን አተረፈ፣ ምን አጎደለ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ያነሳሁት ለጥያቄው አቀራረጽ ብዬ ነው። በሁለት ቃል የተቀመጠ ጥያቄ ማንም ይዞት መሄድ ይችላል፤ ደጋፊም ተቃዋሚም አይስተውም።

የክፍል ፕረዘንቴሽን ከሆነ የምትጠይቁት ነገር ላይኖር ይችላል። ያኔ ዓረፍተ ነገሩ «ጓደኞቼ ከክፍል ሲወጡ የትኛውን አንድ ነገር ይዘው ይውጡ?» ለሚለው መልስ ይሆናል። ርዕሱ የአፈር መሸርሸር ነው እንበል። «እርከን ውሃውን ስለሚያዘገየው አፈሩ እዚያው ይቀራል» ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ ጋር የማይገናኘውን ሁሉ አውጡት፤ ከመጽሐፍ ብትገለብጡትም፣ የለፋችሁበት ቢሆንም።

የሚሰማችሁን ሰው ዕወቁ

ይህኛው አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ቢኖርም ውሳኔው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሰው እጅ ነው። እነሱ ማን ናቸው? ምን ያስጨንቃቸዋል? በጀት ነው? የሰው ኃይል? ከበላይ አካል የሚመጣ ጥያቄ? ጥያቄያችሁን ከእነሱ ጭንቀት ጋር አያይዙት። ርዕሰ መምህሯ የሚያስጨንቃት ዲሲፕሊን ከሆነ፣ የጠየቃችሁት ነገር ሲፈቀድ ግቢው እንደማይረበሽ አስቀድማችሁ መልስ ያዙ።

ጻፉት፣ ከዚያ ቁረጡት

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራ። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ እንበል። ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ይዘጋል። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ የሆነች ልጅ በተማሪዎች ፓርላማ ላይ ልትናገር ነው። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይላል፦

«የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣ የተከበራችሁ ምክትል ርዕሰ መምህራን፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ የተከበራችሁ የፓርላማ አባላት፣ ውድ ተማሪዎች፤ ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እንደሚታወቀው ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት ወሳኝ ነው። ከዚህ አንፃር ቤተ መጻሕፍት የሚጫወተው ሚና ከፍተኛ ነው። በመሆኑም በቤተ መጻሕፍታችን ዙሪያ የሚታዩ ክፍተቶች ቢስተካከሉ መልካም ነው እላለሁ። አመሰግናለሁ።»

ጨዋ ንግግር ነው። ይጨበጨብለታልም። ግን ማንም ምንም አያደርግም። «እንደሚታወቀው» ብለን የምንጀምረውን ነገር ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለዚህ ጆሮውን አይሰጠንም። «ከዚህ አንፃር» እና «በ... ዙሪያ» የዜና ቋንቋ ናቸው፤ እቤታችን እንዲህ አንናገርም። «ክፍተቶች ቢስተካከሉ» የሚለው ደግሞ የትኛው ክፍተት እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስተካክለው አይናገርም። ልጅቷ የሚያናድዳት ነገር እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። ረቂቁ ላይ ግን የለም።

አሁን የተቆረጠውንና እንደገና የተጻፈውን አንብቡ፤ ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ይሻላል፦

«ክብርት ርዕሰ መምህር፣ መምህሮቻችን፣ ጓደኞቼ። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነኝ። 6 ሰዓት ላይ ከክፍል ስወጣ ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋል። 8 ሰዓት ላይ ሲከፈት እኔ ቤት ገብቻለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ታናናሾቼም ቴሌቪዥኑም እዚያው ናቸው። ሰፈሬ ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ ይህ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው። የክፍሌ ልጆችም ብዙዎቹ እንደ እኔ ናቸው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ምሳ መብላት እንዳለባቸው እናውቃለን። ስለዚህ የንባብ ክበብ አባላት ተራ እንይዛለን። በር ላይ ተቀምጠን መታወቂያ እንቀበላለን። በዚያ ሰዓት መጽሐፍ ማዋስ አይኖርም፤ እዚያው ማንበብ ብቻ። ጥያቄዬ አንድ ነው። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለአንድ ወር ቤተ መጻሕፍቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይሞከር። ይሞከራል ወይስ አይሞከርም የሚለውን ዛሬ ብትነግሩን ደስ ይለናል።»

ልዩነቱ የት ነው? አክብሮቱ አልቀነሰም፤ ግን አጥሯል። ችግሩ በሰዓት ተነግሯል። የሚቃወም ሰው የሚያነሳው ነገር («ሠራተኛዋስ?») ቀድሞ ተመልሷል። የተጠየቀው ነገር ትንሽ ነው፦ ለአንድ ወር ሙከራ። ለዘላለም ክፈቱ ያልተባለ ሰው እሺ ማለት አይከብደውም። መጨረሻው ደግሞ መልስ ይጠይቃል።

እናንተም ረቂቃችሁን ስትቆርጡ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ሰላምታውን ወደ አንድ መስመር አውርዱት። ቀጥሎ የአገር ዕድገትን፣ ዓለም አቀፍ ሁኔታን፣ «ከጥንት ጀምሮ»ን አውጡ። ከዚያ «ብዙ»፣ «ከፍተኛ»፣ «አሳሳቢ» በሚሉ ቃላት ፋንታ ያያችሁትን አስገቡ። ስንት ሰዓት፣ ስንት ወንበር፣ የትኛው በር። የማታውቁትን ቁጥር ግን ከኪሳችሁ አታውጡ። አንድ የተሳሳተ ቁጥር ከተያዘባችሁ የቀረው እውነት ሁሉ ይጠረጠራል።

ስለ ተረትና ምሳሌም አንድ ነገር ልበል። አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው፤ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይባል የለ። ግን አንድ ይበቃል፤ እሱም ነገሩ ላይ በትክክል ሲቀመጥ። ሦስት ተረት የደረደረ ሰው ተረቱ ይታወስለታል፤ ጥያቄው ይረሳል። ሰምና ወርቅም ለስብሰባ አይሆንም። ወርቁን ሁሉም ሰው ካልሰማው ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ ሰሙን ብቻ ይጽፋል።

አትሸምድዱ

ትምህርት ቤቶቻችን ሽምደዳ ያስተምሩናል። ለንግግር ግን አደገኛ ነው። የተሸመደደ ንግግር እንደ መቁጠሪያ ነው፤ ክሩ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይበተናል። አንድ ቃል ሲጠፋባችሁ ቀጣዩም አብሮ ይጠፋል። ዓይናችሁም ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሰሚው ወዲያው ያውቅባችኋል።

ስለዚህ ቃል በቃል የምትይዙት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው። የመጀመሪያው ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ፍርሃት የሚበረታው እዚያ ላይ ነው። የመጨረሻው ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጥያቄያችሁ እሱ ነው። የመሃሉን በትንሽ ወረቀት ላይ በቁልፍ ቃል ያዙት። ለቤተ መጻሕፍቱ ንግግር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ይህ ብቻ ነው፦ ፈረቃ፣ ቤት፣ ሠራተኛዋ፣ ተራ፣ አንድ ወር። በትልቁ ጻፉት። በሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አይነበብም።

ልምምዱ የግድ ቆማችሁና ጮክ ብላችሁ መሆን አለበት። በሐሳብ መለማመድ አይቆጠርም። አፍ ላይ የሚያደናቅፈው ቃል በሐሳብ አያደናቅፍም። መጀመሪያ ብቻችሁን፣ በር ዘግታችሁ። ቀጥሎ በስልክ ቀድታችሁ አዳምጡት። የራስን ድምፅ መስማት ለሁሉም ሰው እንግዳ ነው፤ ስለ ድምፁ አትጨነቁ። የምትሰሙት ሌላ ነገር ይሁን፦ የት ፈጠናችሁ፣ የት «እእእ» አላችሁ፣ የት ለራሳችሁም አልገባችሁም። ከዚያ ለአንድ ሰው አቅርቡ፤ ለታናሽ እህት ወይም ለእናት። ሲያልቅ «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይላችኋል። «ምን ጠየቅኩ?» በሏቸው። በራሳቸው አባባል ጥያቄያችሁን ከመለሱላችሁ ደርሳችኋል። ካልመለሱላችሁ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

የተሰጣችሁ ሦስት ደቂቃ ከሆነ በልምምድ ሁለት ደቂቃ ተኩል ላይ ጨርሱ። መድረክ ላይ መተንፈሻም፣ ሰው እስኪቀመጥ መጠበቂያም ጊዜ ይበላል።

ፍርሃቱን እንዴት እንይዘው

ፍርሃቱ አይጠፋም፤ ለማጥፋትም አትሞክሩ። ሰውነት ሰው ሁሉ እያየው መሆኑን ሲያውቅ አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህ በልምድ በቆዩ ተናጋሪዎችም ላይ ይደርሳል። ከውጭ ደግሞ እናንተ የሚሰማችሁን ያህል አይታይም።

ተራችሁ ሲቃረብ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ አየሩን ስታወጡ ደግሞ ካስገባችሁበት የበለጠ ጊዜ ውሰዱ። አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ አውጡ። ረዘም ያለ ማስወጣት የልብ ምትን ዝግ ያደርጋል። ውሃ ጉንጭ በሉ። ስትቆሙ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ይንኩ። ከዚያ ወዲያው አትጀምሩ። ፊታችሁ ያለ አንድ ሰው እዩ፣ አንዴ ተንፍሱ፣ ያዛችኋትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። እሷን ከተሻገራችሁ የቀረው ይቀላል።

ግን ከሁሉም በላይ ፍርሃትን የሚቀንሰው መደጋገም ነው፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ። በዚህ ሳምንት ክፍል ውስጥ እጅ አውጥታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። በሚቀጥለው የቡድን ሥራ «እኔ ላቅርብ» በሉ። ከዚያ ወደ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ሂዱ። የጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ላይ ማስታወቂያ ማንበብ ግሩም ልምምድ ነው፤ ጽሑፉ አለ፣ ማይኩ አለ፣ ግቢው ሙሉ ሰው አለ፤ ይዘቱን ግን እናንተ መፍጠር አይጠበቅባችሁም። ማይኩን ከአፋችሁ አንድ ጭብጥ ያህል አርቁት፣ ጣታችሁን አታንኳኩበት፣ እንደ ወትሮው ተናገሩ። መጮህ የማይኩ ሥራ ነው።

ስለሚንተባተቡ ልጆች ከልቤ አንድ ነገር ልናገር። መንተባተብ ከመድረክ የሚያስወርድ ነገር አይደለም። ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ላይ «አንዳንዴ ቃል ይይዘኛል፤ ትንሽ ታገሡኝ» በሉ። ብዙ ጊዜ ጭንቀቱ ከዚያ በኋላ ይቀላል። መምህራን፣ እባካችሁ፣ የልጁን ቃል አትጨርሱለት። «ቀስ በል» ወይም «ተረጋጋ» አትበሉት። ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁት። እሱ ሲጨርስ የተናገረውን መልሱለት እንጂ ስለ አነጋገሩ አስተያየት አትስጡ።

በእንግሊዝኛ አቅርቡ ሲባል

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፕረዘንቴሽኑም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ ተማሪው ከድረ ገጽ ይገለብጥና ያልገባውን ያነባል። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ነገሩን በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ለጓደኛችሁ አስረዱ፤ አማርኛ ይሁን፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ። ከገባው በኋላ ያንኑ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። መጥራት የማትችሉትን ቃል በምትችሉት ለውጡ። የትምህርቱን ቃላት ግን አትለውጡ፤ አጠራራቸውን መምህሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ክርክር

በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው፣ ሕዝብ ከብቧቸው ይሟገቱ ነበር። «በላ ልበልሃ» የሚባለው ሥርዓት ነው። ተሟጋቹ ነገሩን በግጥምና በምሳሌ እያዋዛ፣ ተቃራኒውን እየጠየቀ፣ ራሱም እየተጠየቀ ይሄዳል። ክርክርን ከውጭ መማር የለብንም፤ የኛው ባህል ውስጥ አለ።

ከዚያ ሙግት የምትወስዱት ዋናው ነገር ጥያቄ ነው። ለክርክር ስትዘጋጁ መጀመሪያ የራሳችሁን ሳይሆን የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ጻፉ፤ እሱ ራሱ «አዎ፣ እንዲህ ነው የምለው» እስኪል ድረስ አሳምራችሁ። ከዚያ አንድ ጓደኛ ፊት ለፊት አስቀምጡና «ተጠየቅ!» እያለ ያፋጥጣችሁ። መልስ ያጣችሁለት ጥያቄ ላይ ምልክት አድርጉ፤ የቤት ሥራችሁ እሱ ነው።

የክርክር ርዕስ የምትመርጡ መምህራን ደግሞ «ገንዘብ ይበልጣል ወይስ ዕውቀት» የሚለውን ለጊዜው ብታሳርፉት ደስ ይለኛል። ለዚያ ማስረጃ መፈለግ አይቻልም፤ የሚያሸንፈው ሳቅ ያስነሳው ነው። «ስልክ ወደ ትምህርት ቤት ይግባ ወይስ አይግባ» በሉ። ልጆቹ ወላጅ ይጠይቃሉ፣ መምህር ይጠይቃሉ፣ የሌላ ትምህርት ቤት ደንብ ያያሉ። በመካከል ላይ ወገን ቀይሩባቸው። «ይግባ» ያለው «አይግባ» ብሎ ይከራከር። ጠላት የመሰለው ሐሳብ ውስጥ ምክንያት እንዳለ ልጁ የሚያየው ያን ጊዜ ነው።

ስብሰባ ላይ

አብዛኞቻችን ይህን ማንም አላስተማረንም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከስብሰባው በፊት አጀንዳውን ጠይቁ። የወረዳ ይሁን፣ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ የእድር፣ ሰብሳቢ ወይም ጸሐፊ አለው። ጉዳያችሁ አጀንዳው ላይ ከሌለ «በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር ይያዝልኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። በስብሰባው መሃል ብድግ ብሎ ከአጀንዳ ውጭ መናገር ጥሩውን ሐሳብ ያስገድለዋል። «ከአጀንዳ ውጭ ነው» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች። ከተቻለ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤት ቀድማችሁ አነጋግሩ። እናንተ ስትጨርሱ አንዱ «እኔም ይህን እደግፋለሁ» ቢል የአንድ ሰው እሮሮ የነበረው የሰፈር ጥያቄ ይሆናል።

ፊት ተቀመጡ። ይህን በተለይ ለሴቶች እላለሁ። ከኋላ የተቀመጠ እጅ ለሰብሳቢው አይታይም፤ ወንዶች ፊት ተደርድረው ዕድሉን ይዘው ያልቃል። ቀድማችሁም እጅ አውጡ። ሁሉም ከተናገረ በኋላ ሰዓቱ ያልቃል፣ «ከቀደሙት ተናጋሪዎች ጋር ተመሳሳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሰብሳቢ ከሆናችሁ ደግሞ ዕድል ስትሰጡ ከኋላም፣ ከሴቶችም፣ ከወጣቶችም ወገን ተመልከቱ። ሁለቴ የተናገረ ሰው አንዴ ያልተናገረውን እንዲጠብቅ ንገሩት።

ዕድል ሲሰጣችሁ ተነሱ። ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን ቀጠና ወይም የልጃችሁን ክፍል ተናገሩ። ጸሐፊው የሚጽፈው ይህን ነው። ትልልቅ ሰዎች ባሉበት «አባቶቼ፣ እናቶቼ» ማለት ያስከብራችኋል እንጂ አያሳንሳችሁም። ከታላቅ ሰው ሐሳብ የምትለዩ ከሆነ ሰውየውን ሳይሆን ነገሩን ያዙ። «ጋሼ ያነሱት የወጪ ጉዳይ ትክክል ነው። እኔ ግን በሌላ መንገድ ቢሆን እላለሁ፤ ምክንያቱም...» በሉ። «ጋሼ ተሳስተዋል» ካላችሁ አዳራሹ ከጋሼ ጋር ይቆማል፤ ሐሳባችሁ ልክ ቢሆንም።

ወጣት ሆናችሁ «አንተ ገና ልጅ ነህ» ብትባሉ አትጋጩ፤ ዝም ብላችሁም አትቀመጡ። ሐሳብን የመግለጽ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ አለ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማ ይላል። ይህን ማወቅ ልብ ይሰጣል። አዳራሹ ውስጥ ግን አንቀጽ ከመጥቀስ ይልቅ «ልክ ነው፣ ልጅ ነኝ። በዚያ መንገድ ወደ ትምህርት ቤት የምሄደውም እኔ ነኝ» ማለት የበለጠ ይሰማል።

ሰው በረብሻ ሲያቋርጣችሁስ? ሰኔ 23 ቀን 1928 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች ገና ሳይጀምሩ ያፏጩና ይጮኹባቸው ጀመር። ንጉሡ መልስ አልሰጡም፤ ድምፃቸውንም አላነሱም። ጋዜጠኞቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ በአማርኛ ጀመሩ። ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር፤ የመረጡት ግን የራሳቸውን ቋንቋ ነው። ሲጨርሱም «ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ?» የሚል ጥያቄ አስቀምጠው ወረዱ። ማኅበሩ የሚገባውን ባያደርግም፣ ንግግሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እናንተም ሲረበሽ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ወደ ረባሹ ሳይሆን ወደ ሰብሳቢው እዩ። ጸጥታ ማስከበር የእሱ ሥራ ነው። ጸጥ ሲል ከመጀመሪያው ሳይሆን ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ስሜት ቢመጣባችሁ፣ እንባ ቢተናነቃችሁ፣ ያ ነውር አይደለም። የሞተ ልጅ ወይም የፈረሰ ቤት ላይ እየተናገረ የማይሰማው ማን ነው? አንዴ ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ ወረቀታችሁን እዩ፣ ቀጥሉ። ስድብ ግን ከአፋችሁ አይውጣ። ከስድቡ በኋላ ሰው የሚያወራው ስለ ስድቡ ነው።

ከተቀመጣችሁ በኋላ

ንግግሩ አልቆ ስትቀመጡ ሥራው ግማሽ ላይ ነው። «እንይዘዋለን» ከተባላችሁ በዚያው ቅጽበት፣ በትሕትና፣ «ማን ይዞ መቼ ይነገረናል?» በሉ። መልሱን ጻፉት። ከስብሰባው በኋላ ጸሐፊውን አግኙና ጥያቄያችሁ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዴት እንደተጻፈ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። «ስለ ቤተ መጻሕፍት አስተያየት ተሰጥቷል» ብሎ ከጻፈ ሰዓቱና ቀኑ እንዲገባ አስተካክሉ። የቀረበው ጥያቄ «ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ለአንድ ወር፣ ከሰኞ ጀምሮ» ነው።

የተባለው ቀን ሲደርስ ወደ ቢሮው ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ «እደግፋለሁ» ያለውን ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ጉዳዩ ተፈጽሞ ከሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ አውጥታችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር አመስግኑ፤ ማን እንዳደረገው በስም ጥሩ። ካልተፈጸመ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ድገሙ፤ ከፊቱ ላይ ቃለ ጉባኤው የተያዘበትን ቀን ጨምሩበት።